ከኪኒን ፖስታው እስከ ሦስተኛው ሳምንት፦ ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀትና ለስሜት ሕመሞች የነርስ እንክብካቤና የመድኃኒት አሰጣጥ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎችና በተረፉት የጤፍ ማሳዎች መካከል በሚገኝ ጤና ጣቢያ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አዲስ ለሚመደቡ ነርሶች ነው፤ በቤቱ ታማሚ የሚያስታምም ሰው ቢያነበውም ይጠቀምበታል። መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪሙ ወይም ጤና መኮንኑ ነው። ሆኖም የታዘዘው መድኃኒት በትክክለኛው ሰዓት መዋጡ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ መነገሩና ታማሚው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሳያቋርጥ ማለፉ በነርስ እጅ ያለ ጉዳይ ነው። እኔ ባየሁት ሕክምናው የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ሳይሆን፣ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ታማሚውን የሚከታተለው ሰው ጠፍቶ ነው።

ኪኒን ከመታዘዙ በፊት

ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ሕመሙን በመጽሐፍ ስሙ አይጠራውም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ አላስተኛ አለኝ» ይላል፤ ካርዱ ሲገለጥም ከዚህ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ተጽፎለት ይገኛል። ቅሬታውን እሱ በተናገረበት ቃል መዝግቦ ወደ እንቅልፉ መሻገር ጥሩ መግቢያ ነው፤ ስለ እንቅልፍ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርምና። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን ያህል ቆይቶ እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቃና ጨርሶ የሚነሣው መቼ እንደሆነ ይጠየቃል። ጭንቀት የያዘው ሰው አልጋው ላይ እየተገላበጠ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ድብርት የያዘው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ ተመልሶ መተኛት ያቅተዋል። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ድካም የማይሰማው፣ ይልቁንም ጉልበቱ የጨመረና ንግግሩ የፈጠነ ሰው ሲያጋጥም ግን ነገሩ እንቅልፍ ማጣት ሳይሆን ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ያለ ልክ የሚጨምርበት ሕመም) ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኛውም የድብርት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መነገር አለበት። በዚህ ምክንያት ድብርት ያለበትን ሰው ሁሉ «ከአሁን በፊት ሳይተኙ የማይደክምዎት፣ ገንዘብ ያለ ልክ የሚያወጡበት፣ ሰው ‹ምን ነካው?› ያለበት ጊዜ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ቤተሰቡ አብሮ ከመጣ ለብቻው መጠየቁም ይጠቅማል፤ ታማሚው ያን ጊዜ የሚያስታውሰው እንደ ደስታ ዘመን ነው።

ድብርት ለማለት የተከፋ ስሜት ወይም ቀድሞ ደስ ይል በነበረ ነገር ላይ ፍላጎት ማጣት ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ለመለካት ፒኤችኪው-9 የተባለውን መጠይቅ እንጠቀማለን። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፤ ድምሩ ከ27 ሲሆን፣ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ተፈትኗል። ነገር ግን ወረቀቱን እንደ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ታማሚውን ያርቃል፤ ጥያቄዎቹን በቃል ይዞ በጨዋታ መካከል መጠየቅ፣ ነጥቡንም በኋላ መሙላት ይሻላል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ አዲስ ነርሶች የሚዘሉትም እሱን ነው። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «አንዳንድ ሰው ሐሳብ ሲበዛበት ከመኖር መሞት ይሻለኛል ይላል፤ እርስዎስ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ዕቅድ እንዳለው፣ ከዚህ በፊት ሞክሮ እንደሆነና ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደሚያድር ይጠየቃል። ዕቅድ ያለው ሰው ለአፍታም ብቻውን አይተውም፤ ሪፈር እስኪጻፍ ድረስ እንኳ ኮሪደር ላይ ብቻውን አይቀመጥም። ቤተሰቡም የተጠራቀሙ ኪኒኖችንና ከእርሻ የቀሩ ኬሚካሎችን ከቤት እንዲያወጣ ወይም እንዲቆልፍ ይነገረዋል። ሰፈራችን ግማሹ ገና የገበሬ ግቢ ስለሆነ የጸረ ተባይ መድኃኒት ጓዳ ውስጥ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ሌላ መንስኤ መኖሩ ይጣራል። የታይሮይድ ሕመም፣ የደም ማነስና የስኳር መውረድ ጭንቀት ይመስላሉ። ታማሚው በሌላ ክፍል የሚወስደው መድኃኒትም መታየት አለበት፤ ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ያሳጣል፣ ስሜትንም ያዛባል፤ ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል ልብ ያስመታል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪር በአንዳንዶች ላይ እንቅልፍ ስለሚቀንስ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ጫት፣ መጠጥና ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ደግሞ በስማቸው፣ ያለ ተግሣጽ ድምፅ ይጠየቃሉ። «ሱስ አለብዎት?» ለተባለ ሁሉ መልሱ «የለብኝም» ነው፤ «ጫት በሳምንት ስንት ቀን ይቅማሉ?» ሲባል ግን ቁጥር ይመጣል።

እንቅልፍን ያለ ኪኒን ማከም

በእኛ ሰፈር እንቅልፍ ከሚያጣው ሰው ሁሉ ታማሚ የሆነው ጥቂቱ ነው። መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው የአውቶቡስ ሰልፍ ለመያዝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣል፤ ማታ ቤቱ የሚደርሰው 3 ሰዓት ነው፤ እራት በልቶ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫውቶ፣ ስልኩን ሲነካካ 5 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰው አምስት ሰዓት ተኝቶ ቀን ቀን ቢያንቀላፋ ለእሱ የሚታዘዝ ኪኒን ያጠረችውን ሌሊት አያስረዝምለትም፤ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ያደነዝዘዋል እንጂ። እንዲህ ካለው ሰው ጋር ተቀምጦ የምሽቱን ሰዓት በወረቀት ላይ መደልደል ከመድኃኒት ይበልጣል።

በእርግጥ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ዋናው ምክር የመነሻ ሰዓትን ማጽናት ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሑድንም ጨምሮ በአንድ ሰዓት መነሣትና ቀን አለመተኛት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምክር እንቅልፍ ሳይመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ ከአልጋ መውረድ ነው። የውጭ መጻሕፍት ይህን ሲመክሩ «ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ» ይላሉ፤ አምስት ሰው በአንዲት ክፍል በሚያድርበት ቤት ግን ሌላ ክፍል የለም። እኔ በር አጠገብ በርጩማ አስቀምጠው፣ ጋቢ ደርበው፣ መብራት ሳያበሩ እንዲቀመጡና እንቅልፍ ሲጫጫናቸው ብቻ እንዲመለሱ እነግራቸዋለሁ። ፍሬ ነገሩ አልጋው የመገላበጫና የማሰላሰያ ቦታ እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ በርጩማዋ ይህን ትሠራለች። አንድ አዛውንት «ሌሊት የጅብ ድምፅ ስሰማ ነው ዓይኔ የሚፈጠው» ሲሉኝ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ እንዲያደርጉ መከርኳቸው፤ በሳምንቱ ጅቡን ተውኩት አሉኝ። ሁሉም ነገር እንዲህ አይቀልም።

ቡናን በተመለከተ የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ አቦል ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሽ ኃይሉ ገና አለ። ቡና ተዉ ማለት ጎረቤት ተዉ ማለት ስለሚሆን አልልም፤ የቡናውን ሰዓት ከምሳ በፊት እንዲያደርጉት ነው የምለምነው። የጫት ነገር ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናውን ለማብረድ ማታ ጨብሲ ይላል፣ መጠጡ ካላስተኛው ዳያዜፓም የተባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን ይፈልጋል፣ ጠዋት በድንዛዜ ይነሣና ለመንቃት እንደገና ጫት ይይዛል። በዚህ ክብ ውስጥ ላለ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን ማዘዝ ክቡን ማጥበቅ ነው። ብዙዎች ደግሞ ዱካክ ይይዘናል ብለው በፍርሃት ይመጣሉ። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ከሕልም እንቅልፍ ሳይፈታ ሲቀር የሚሆን፣ በጀርባ ሲተኙና እንቅልፍ ሲያጥር የሚብስ፣ ጉዳት የማያደርስ ነገር መሆኑን ማስረዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በጣም የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ሰው ግን፣ ትንፋሹን ይበልጥ ሊያዳክም ስለሚችል፣ የሚያደነዝዝ ኪኒን ሳይሰጠው ወደ ሐኪም መላክ አለበት።

ዳያዜፓም

ይህ መድኃኒት በፍጥነት ስለሚሠራ ታማሚም ሐኪምም ይወዱታል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ለከባድ ጭንቀት ለጥቂት ቀናት ሲሰጥ ይጠቅማል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ካለፈ ግን ሰውነት ይለምደውና የመጀመሪያው መጠን አይበቃም። ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ስለሚፈጅ በየማታው የተዋጠው ይደራረባል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ይህ መደራረብ መውደቅን፣ የዳሌ ስብራትንና መርሳትን ያመጣል። ከመጠጥ ወይም ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆመው እስከ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ሊደርስ ስለሚችል፣ መጠኑ በሐኪም ክትትል በየሁለት ሳምንቱ ከሩብ ባልበለጠ እየተቀነሰ ቀስ ብሎ ይቆማል። በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ቢሆንም ከጎረቤት ጎረቤት መዞሩ አልቀረም፤ «ለእኔ ጠቅሞኛል፣ እንቺ ሁለት ፍሬ» የሚለውን ደግነት በየቤቱ እናገኘዋለን። ስለዚህ ለአዲስ ታማሚ ሲሰጥ የሚቆምበት ቀን በካርዱም በፖስታውም ላይ አብሮ መጻፍ አለበት።

ለቅሶ ቤት የሚሆነው ነገር ለየት ብሎ መነሣት ይገባዋል። ልጅዋ የሞተባት እናት ስትጮህ ዘመድ ተሯሩጦ «አረጋጉልን» ብሎ ይመጣል፣ መርፌም ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለሐዘን ተብሎ ዳያዜፓምና የእሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ መክሯል። ሐዘን በሽታ አይደለም፤ አልቅሶ መውጣት፣ ዕድርተኛ አብሮ መቀመጡና ሠልስቱ የራሳቸው ሥራ አላቸው። እናቲቱን አደንዝዞ ከቀብር ማስቀረት ዘመዶችን ያሳርፍ ይሆናል፤ እሷን ግን ከቀብሩ ያስቀራታል። ወራት አልፈውም ምግብ የማትቀምስ፣ ከአልጋ የማትነሣ ወይም ልከተለው የምትል ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነውና ትመርመር።

ድንገተኛ የጭንቀት ማዕበል የመጣበትን ሰው ከመድኃኒት በፊት አጠገቡ ተቀምጦ አብሮ መተንፈስ ይረዳል፦ በአፍንጫ አራት እስኪቆጠር ማስገባት፣ ስድስት እስኪቆጠር በቀስታ ማስወጣት፣ ይህንም ለአምስት ደቂቃ መቀጠል። ፕሮፕራኖሎል ለልብ ምቱና ለእጅ መንቀጥቀጡ የታዘዘ እንደሆነ አስም መኖሩ ይጠየቃል፣ የልብ ምት ይቆጠራል፤ አስም ካለ ወይም ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ሳይሰጥ ለአዛዡ ይነገራል።

ሦስቱ ሳምንታት

የድብርት መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀትንም ያክማሉ። በጤና ጣቢያችን በብዛት የምናየው ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ሰርትራሊንም አልፎ አልፎ ይገኛል። የሁሉም ችግር አንድ ነው፦ ጉዳታቸው ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅማቸው ዘግይቶ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሉኦክሰቲን የጀመረ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይቅበጠበጣል፤ ከበፊቱ ይልቅ የተጨነቀ የሚመስለውም አለ። ስሜቱ መሻሻል የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ያልተነገረው ታማሚ በአምስተኛው ቀን «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል፤ ከዚያም ለዓመታት «ሞክሬው ነበር፣ አይሠራም» እያለ ይኖራል።

አንድ የታክሲ ረዳት ትዝ ይለኛል። ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ታዞለት በአራተኛው ቀን ስደውልለት «እጄ ሳንቲም ሲቆጥር ይንቀጠቀጣል፣ ትቼዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ መጣ፤ ጤና መኮንኑ ለአንድ ሳምንት መጠኑን ወደ 10 ዝቅ አደረገለት፣ እኔም ቁርስ ከበላ በኋላ እንዲወስደው ነገርኩት። በሦስተኛው ሳምንት መሻሻሉን ያየችው ሚስቱ ነበረች፤ እሱ «ያው ነኝ» ሲል እሷ «ትናንት ልጁን አቅፎ ኳስ አየ» አለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ለውጡን መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ሰው ስለሆነ በሁለተኛው ቀጠሮ ቤተሰብ አብሮ እንዲመጣ አደርጋለሁ። የክትትሌ አካሄድም ይህን ይመስላል፦ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ስልክ፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን በአካል። ስልክ የሌለው ሰው ካለ የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታግዘናለች።

በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ጉልበት ከስሜት ቀድሞ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቀድሞ ለመንቀሳቀስ አቅም ያልነበረው ሰው ክፉ ሐሳቡ ሳይለቀው አቅም ያገኛል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ በጅማሬው የሞት ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችልም ይታወቃል። ስለዚህ ያን ጥያቄ በየቀጠሮው መድገም፣ ኪኒኑንም በቤት ውስጥ አንድ የሚታመን ሰው እንዲይዘው ማድረግ ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ በልብ ላይ ያለው አደጋ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንድ ሳምንት በላይ የሚበቃ ፍሬ አንድ ላይ አለመስጠት የኔ ጽኑ አቋም ነው፤ ለታማሚው መመላለሱ ቢከብደውም።

አሚትሪፕቲሊን ብዙውን ጊዜ በ25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ተጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሽንት ያስቸግራል፣ ብድግ ሲሉ ያዞራል። የልብ ሕመም፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም የፕሮስቴት እብጠት ላለበት ሰው፣ ለአዛውንትም ቢሆን የሚመረጥ አይደለም። በየቀጠሮው ግፊቱን ተኝቶና ከቆመ ከሦስት ደቂቃ በኋላ መለካት ይገባል፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለአዛዡ ይነገራል። ለሆድ ድርቀቱ ውኃና የተልባ ጭማቂ እመክራለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ለሚነሣ ሠራተኛ ደግሞ «ስትተኛ ውሰድ» ከማለት ይልቅ «ማታ 1 ሰዓት ውሰድ» ማለት ጠዋት የሚሰማውን ድንዛዜ ይቀንስለታል።

ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን የሚወስድ ሰው ለጀርባ ሕመም ትራማዶል ቢጨምርበት ላብ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቅበጥበጥና ተቅማጥ ሊመጣበት፣ ሊንዘፈዘፍም ይችላል፤ ይህ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። ከዳይክሎፌናክና ከአይቡፕሮፌን ጋር ደግሞ የጨጓራ መድማት ዕድሉ ይጨምራል። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል መምረጥ ይቀላል። የተሻለው ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ማቆሙ ሌላው ወጥመድ ነው፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል፣ ሲቆምም ቀስ እያለ መቀነስ ያስፈልጋል፤ በአንዴ ከቆመ ማዞርና ጭንቅላትን ኤሌክትሪክ የነዘረ ያህል ስሜት ያመጣል።

ፖስታው ላይ የሚጻፈው ሰዓት

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት በነበርኩበት ቦታ ለአንዲት እናት አሚትሪፕቲሊን ስሰጥ ፖስታው ላይ «2 ሰዓት» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። እኔ የማታውን ማለቴ ነበር፤ እማማ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ከቁርስ ጋር ዋጡት። ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፉ ውለው ለሽንት ብድግ ሲሉ ግቢው ውስጥ ወደቁ፣ የእጃቸው አንጓም ተጎዳ። እሳቸው «የእኔ ልጅ፣ አንቺ ያልሽውን ነው ያደረግሁት» ሲሉኝ የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለው ቃል የሌለበት ፖስታ ከእጄ አይወጣም፤ ማንበብ ለማይችሉም ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ።

የሰዓት ነገር በሌላም መንገድ ያሳስታል። ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር «8 ሰዓት ማታ» ብሎ ቢጽፍ እኛ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ደግሞ በብዙ ቤት «8 ሰዓት ላይ» ተብሎ ይነበባል። መፍትሔው ታማሚው ወይም አስታማሚው መልሶ እንዲናገር ማድረግ ነው። «ገባዎት?» ሲባል ሁሉም «ገብቶኛል» ይላል። «እስቲ ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?» ሲባል ግን ያልገባው ይታያል።

ጾምና ጸበል

በሁዳዴ 55 ቀናት የጠዋት ኪኒን የሚያቋርጥ ታማሚ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም አይነግረንም። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ባለው ቀጠሮ እኛው ማንሣት አለብን። ፍሉኦክሰቲን በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ከጠዋት ወደ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምግብ በኋላ ቢዛወር ጉዳት የለውም፤ ጨርሶ ከመተው ይህ እጅግ ይሻላል። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር መምከርም ከእኛ ትእዛዝ ይልቅ ተሰሚነት አለው። በረመዳን ደግሞ መድኃኒቱ ለኢፍጣርና ለሱሁር ይደለደላል፤ ለባይፖላር ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም።

ታማሚው እንጦጦ ማርያም ለሱባኤ ሊሄድ ነው ሲባል ክርክር መግጠም ዋጋ የለውም፤ ብንከራከር ይሄዳል፣ ኪኒኑን ግን እኛ ጋ ትቶ ይሄዳል። እኔ የሱባኤውን ቀናት የሚበቃ መድኃኒት ቆጥሬ ለአስታማሚው እሰጣለሁ፤ ጠዋት ከተጠመቀና ከጠጣ በኋላ፣ ካስታወከውም ሆዱ ሲረጋ እንዲወስድ እነግራለሁ፤ የመመለሻውንም ቀን ቀጠሮ አድርጌ እጽፋለሁ።

ሊቲየም፣ ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒን

እነዚህ ማኒያና ድብርት ለሚፈራረቁበት ለባይፖላር ሕመም የሚሰጡ ሲሆን፣ የሚጀመሩት አብዛኛውን ጊዜ በሆስፒታል ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ክትትሉ ነው። የሊቲየም የሚጠቅምና የሚጎዳ መጠን ተቀራራቢ ነው። በደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ሲሆን ይጠቅማል፤ ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ኪኒኑን ውጦ ለምርመራ የሄደ ሰው ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል። ኩላሊትና ታይሮይድም በየስድስት ወሩ ይታያሉ። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ብዙ ላብ፣ ጨው በድንገት ማቆም፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የሊቲየምን መጠን ከፍ ያደርጉታል። ጉልህ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰርና መደናገር ከታየ ቀጣዩ ኪኒን ሳይሰጥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላካል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ በፅንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልትወልድ በምትችል ሴት እጅ ላይ ሲገኝ ዝም ብሎ ማደስ አይገባም፤ በአንዴ ማስቆምም አደገኛ ስለሆነ ወደ አዛዡ ሐኪም መመለስ ነው። ካርባማዜፒን ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ያዳክማል። የክንዱ ቅብር በሰፈራችን በብዛት የሚመረጥ ስለሆነ ይህ ሳይነገራቸው የቀሩ ሴቶች ሳያስቡት ሊያረግዙ ይችላሉ፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ግን አይነካም። ካርባማዜፒን ዶሉቴግራቪርንም ስለሚቀንስ ከኤችአይቪ ክፍሉ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ መድኃኒቱ ቆሞ ታማሚው ወዲያው መታየት አለበት።

አራስ ሴት በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ አጥታ፣ የማይገናኝ ነገር እየተናገረች፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ሐሳብ ካነሣች ለነገ የሚባል ነገር የለም። ድብርት ብቻ ከሆነባትና ጡት የምታጠባ ከሆነች ሰርትራሊን የሚመረጥ መድኃኒት ነው፤ ሊቲየም ግን አይመከርም።

ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍ፣ ከእኛ ሰፈር መርካቶ አቅራቢያ ለመድረስ ብዙ ታክሲ ስለሚያስፈልግ፣ ታማሚው አንድ መረጃ ጎድሎት ቢመለስ ሁለተኛ ላይሄድ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነመጠናቸው፣ የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበት ቀንና ሰዓት ከ«ጠዋት» ወይም «ማታ» ጋር፣ ተኝቶና ቆሞ የተለካው ግፊት፣ ክብደት፣ የፒኤችኪው-9 ነጥብ፣ ስለ ሞት ሐሳብ የሰጠው መልስ በራሱ ቃል፣ የአስታማሚው ስልክና የጤና መድን መታወቂያው ቁጥር ይጻፋሉ። የኪኒኑ ፖስታም ባዶ ቢሆን እንኳ አብሮ ይላካል።